ባለቤቱን ካልናቁ…

አንዲት ቃል ለማረም ስንት ዓመት ይፈጃል? እኔ የማውቀው አንድ ጉዳይ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

በ1935 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሎራ ኢንጋልስ ዋይልደር የተባለች አሜሪካዊት ለልጆች አንድ መጽሐፍ አሳተመች። ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ትንሿ ቤት በሜዳው ላይ» የሚል ይሆናል። ሎራ የጻፈችው የራሷን ልጅነት ነው። አባትዬው ቤተሰቡን በሠረገላ ጭኖ ከዊስኮንሲን ጫካ ወደ ካንሳስ ሜዳ ይሄዳል፤ ግንድ በግንድ ላይ ደርድሮ ቤት ይሠራል፤ ማታ ማታ ቫዮሊን እየተጫወተ ልጆቹን ያስተኛል። ደስ የሚል መጽሐፍ ነው። እውነቴን ነው፤ ቤት ሲሠራ ማየት የማይወድ ልጅ የለም። የሎራ ሌሎቹ መጻሕፍትም ተወደዱ። ከ1974 እስከ 1983 ደግሞ ታሪኩ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ስንቱን ቤተሰብ አንድ ሶፋ ላይ ሰብስቦ አመሸ።

ታዲያ መጽሐፉ ገና ሲጀምር ቤተሰቡ ስለሚሄድበት አገር ይነግረናል። አገሩ ሰፊ ነው፣ አውሬው እንደ ልቡ ይንጎራደዳል፣ ሰው ግን አይኖርበትም፤ ያሉት ሕንዶች ብቻ ናቸው ይላል። እስቲ ይህቺን ነገር ደግማችሁ አስቧት። ሰው የለም፤ ሕንዶች ግን አሉ። አሳታሚው አነበባት፣ አራሚው አነበባት፣ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ጮክ ብለው አነበቧት። በ1952 አንድ አንባቢ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጽፎ «ኧረ ይህ ነገር እንዴት ነው?» አለ። ሎራም ሕንዶች ሰው አይደሉም ማለቷ እንዳልነበረ ገልጻ እንዲታረም ፈቀደች። በ1953ቱ እትም «ሰው» የሚለው ወጥቶ በምትኩ «ሰፋሪ» የሚል ገባ። አሥራ ስምንት ዓመት ያልኳችሁ ይኸው ነው።

እኔን የሚገርመኝ የሎራ መሳሳት አይደለም። የሚገርመኝ ያን ያህል ሰው አንብቧት አለማየቱ ነው። ግን ደግሞ ለምን ይገርመኛል? እኛስ ብንሆን የዋሉበት አልዋልንም እንዴ? በልጅነታችን የካውቦይ ፊልም ለማየት ሳንቲም ለቃቅመን ሲኒማ ቤት ስንጋፋ፣ ከኮረብታው ጀርባ በፈረስ ብቅ የሚሉት «ቀይ ሕንዶች» ምን ፈልገው እንደሚጮኹ ጠይቀን እናውቃለን? አናውቅም። እኛ የምናውቀው አክተሩን ነው። አክተር ደግሞ አይሞትም። የሚሞቱት ስም የሌላቸው ናቸው፤ እነሱ ከፈረስ በወደቁ ቁጥር ፉጨትና ጭብጨባ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ካንሳስ ያለውን ርቀት ያህል ርቀን እንኳ፣ የተቀመጥነው ከሰፋሪው ጋሪ ላይ ነበር።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የሚሆን አንድ ተረት አለው፤ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ»። ከአጥሩ መነቅነቅ በፊት የባለቤቱ መናቅ ይቀድማል ማለት ነው። መሬቱን ከመውሰድ በፊት «ሰው የለበትም» ማለት ይቀድማል።

የሎራ አባት ቻርልስ ኢንጋልስ ያንን ቤት የሠራው በ1869 እና በ1870 መካከል ኦሴጅ በሚባሉት ሕዝቦች መሬት ላይ ነው። መሬቱ በውል የእነሱ ሆኖ የተከለለ ነበር፤ ሰፋሪ እንዲገባበት ሕግ አይፈቅድም። በእኛ ቋንቋ ከተናገርን ያቺ ዝነኛ ትንሽ ቤት የጨረቃ ቤት ነበረች። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እኛ አገር የጨረቃ ቤት ሲሠራ የሚፈርሰው ቤቱ ነው። እዚያ ግን የፈረሰው የባለመሬቱ ኑሮ ሆነ። ሰፋሪው በሺህ እየሆነ ሲገባባቸው ኦሴጆች መሬቱን ሸጠው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ግዛት ለመሄድ ተገደዱ። የቻርልስ ቤተሰብም በ1871 ከዚያ ለቆ ወጣ። ቻርልስ ክፉ ሰው ነበር ለማለት አይደለም። ድሃ ነበር፤ ልጆች ነበሩት፤ መሬት ይገኛል ሲሉት ሄደ። ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። ግፉ እንዲፈጸም ሁሉም ሰው ክፉ መሆን አይጠበቅበትም፤ ባለቤቱን አለማየት ይበቃል።

ባለቤት የሚለው ቃል ደግሞ ትምህርት ቤት ሰዋስው ስንማር ሌላ ትርጉም ነበረው። «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። ባለቤት ማለት ድርጊቱን የሚፈጽመው ማለት ነው። አስተውሉ እንግዲህ፤ በእነዚያ መጻሕፍትና ፊልሞች ውስጥ ሕንዱ ባለቤት የሆነበት ዓረፍተ ነገር ስንት ነው? ይመጣል፣ ያስፈራራል፣ ይሄዳል። አይጠግብም፣ አይርበውም፣ ልጁን አይቆጣም፣ አያቱን አይናፍቅም። ቤት ያለው አይመስልም። ባለቤት የሚባለው ቃል ከቤት መምጣቱን ካሰብን፣ ቤቱ ሳይታይ ባለቤትነቱ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ተነሣሁበት ዋና ጉዳይ ልግባ። በ1999 ሉዊዝ ኤርድሪክ የተባለች ደራሲ ለልጆች አንድ ልብ ወለድ አወጣች። ርእሱ «የበርች ቅርፊት ቤት» ይላል። በርች ማለት ቅርፊቱ እንደ ብራና የሚገፈፍ ነጭ ዛፍ ነው። ኤርድሪክ በ1954 ሚኒሶታ ውስጥ የተወለደች፣ ያደገችውም ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ነው። ወላጆቿ የሕንድ ልጆች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። በእናቷ በኩል ኦጂብዋ ናት፤ ተርትል ማውንቴን ከሚባለው የኦጂብዋ ነገድ። ኦጂብዋዎች ራሳቸውን አኒሺናቤ ይላሉ። ለአዋቂዎች በጻፈቻቸው ልብ ወለዶች እጅግ የታወቀች ናት። ይህን መጽሐፍ ግን የጻፈችው ለልጆች ነው፤ የእርሳስ ሥዕሎቹንም የሠራችው ራሷ ናት።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1847 ነው፤ ቦታው በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ያለችው ማደሊን ደሴት። ደሴቲቱ የዛሬዋ ዊስኮንሲን አካል ናት። ልብ በሉ፤ የሎራ ኢንጋልስ ጉዞም የሚነሣው ከዊስኮንሲን ነው። በሃያ ዓመት ልዩነት ከአንድ አገር የተነሡ ሁለት ትንንሽ ልጃገረዶች ናቸው እንግዲህ። አንደኛዋ በጋሪ ወደ ሰው አገር የምትሄድ፣ ሌላዪቱ በገዛ አገሯ እንዳለች አገሩ ከእግሯ ሥር የሚከዳት።

የኤርድሪክ ልጅ ኦማካያስ ትባላለች፤ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ስሟን ደራሲዋ ያገኘችው ከተርትል ማውንቴን የቆየ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ ነው። ይህ ነገር ልቤን ነካው። የመንግሥት ጸሐፊ ለቁጥሩ ሲል መዝግቦ የረሳትን ስም አንሥታ ሥጋ አለበሰቻት። ኦማካያስ አያት አላት፤ ኖኮሚስ ትላታለች፤ አያቴ ማለት ነው። አባቷ ለፀጉር ንግድ እየተባለ ወራት ሙሉ ይጠፋል። እናቷ ቁጡ ናት። ታላቅ እህቷ አንጀሊን ቆንጆ በመሆኗ ትቀናባታለች። ታናሽ ወንድሟ ፒንች ይባላል፤ በአማርኛ ቁንጥጫ ልንለው እንችላለን፤ እውነትም ቁንጥጫ የሆነ ልጅ ነው። ከሁሉም ትንሹን፣ ገና ጡት ያልጣለውን ኒዎን፣ ከዓይኗ አስበልጣ ትወደዋለች።

መጽሐፉ በአራቱ ወቅቶች የተከፈለ ነው። በበጋ ቅርፊት ገፈው ቤት ይሠራሉ። በመከር ታንኳ ላይ ሆነው ከውኃ ላይ የሚበቅለውን የዱር ሩዝ ያራግፋሉ። የበረዶው ወራት ሲገባ አያትዬዋ እሳት ዳር ተረት ትነግራቸዋለች። ጸደይ ሲመጣ ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ወግተው ፈሳሹን እያፈሉ ስኳር ያወጣሉ። ኦማካያስ ከሥራ ሁሉ የምትጠላው ቆዳ መፋቅ ነው። አንድ ቀን መቀስ እንድታመጣ ጎረቤት ተልካ ስትመለስ የድብ ግልገሎች ታገኝና ስትጫወት እናትዬው ድብ ከላይዋ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም።

«ታዲያ ታሪኩ የታል? ውጊያው የታል?» የሚል አይጠፋም። ሐቁ እንዲህ ነው፤ ታሪኩ ይኸው ነው። የቤቱ አሠራር፣ የሩዙ አሰባሰብ፣ የእህትማማቾች ቅናት፤ ይህ ሁሉ ሲዘረዘር ባለቤቱ ብቅ ይላል። ልጅ ሆኖ መቶ ገጽ ያህል አብሯቸው የበላና የተኛ አንባቢ «እዚያ ሰው የለም» ቢሉት ይስቃል። ኤርድሪክ ስለ ሰፋሪዎች ክፋት ስብከት አልጻፈችም። ነጮቹ በደሴቲቱ ከተማ ላ ፖይንት ውስጥ አሉ፤ ነጋዴው አለ፣ ቄሱ አለ፣ የኦማካያስ አባትም ራሱ ግማሽ ነጭ ነው። ግን በዚህ መጽሐፍ ከዳር ያሉት እነሱ ናቸው። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ተቀይሯል።

ከዚያ ፈንጣጣ ይመጣል። በበረዶው ወራት አንድ እንግዳ ከደሴቲቱ ውጪ ይመጣል፣ ታሞ ያድራል፣ ይሞታል። በሽታው ቤት ለቤት ይዞራል። ከቤተሰቡ አባላት ብዙዎቹ ይወድቃሉ፤ ኦማካያስ ግን አትታመምም። ትንሹ ኒዎ እቅፏ ውስጥ ይሞታል። ስለ ፈንጣጣ ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አይጠበቅብኝም። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ታማሚ የተመዘገበው በ1976 ነው፤ ፊታቸው ላይ ጠባሳውን ይዘው ያረጁ ሰዎችን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ፈንጣጣ አንዴ የያዘው ሰው ከዳነ እንደማይደግመው አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ኦማካያስ ለምን እንዳልታመመች የምትረዳው በመጨረሻ ነው። ሕፃን ሳለች በሌላ ደሴት ላይ መንደሩ ሁሉ በፈንጣጣ አልቆ እሷ ብቻ ተርፋ ነበር፤ አሮጊቷ ታሎ የምትባለው ኃይለኛ ጎረቤት ሄዳ አምጥታ ነው ለዚህ ቤት የሰጠቻት። የተረፈችው ሌሎቹን እንድታስታምም ነበር ማለት ነው። ይህን አንብቦ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ሰው ካለ ንገሩኝ።

እስከዚህ ድረስ የልብ ወለዱ ነው። አሁን ከልብ ወለዱ ጀርባ ያለውን እውነተኛ ታሪክ ላምጣው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው መጽሐፍ፣ በ2005 የወጣው «የዝምታ ጨዋታ»፣ ያለዚህ አይገባም።

ኦጂብዋዎች በ1837 እና በ1842 በተፈረሙ ውሎች ሰፊ መሬት ለአሜሪካ መንግሥት አስተላልፈው ነበር። በምላሹ በየዓመቱ ገንዘብና ዕቃ እንዲከፈላቸው፣ በዚያው ምድር ማደን፣ ማስገርና ሩዝ መሰብሰብ እንዲቀጥሉ ተስማሙ። ዓመታዊው ክፍያ የሚሰጠው ላ ፖይንት ነበር፤ የኦማካያስ ደሴት ላይ። በየካቲት 1850 ፕሬዚዳንት ዛካሪ ቴይለር ያንን መብት ሰርዞ ከአገሩ እንዲነሡ ትእዛዝ ፈረመ። ሕዝቡ ግን አልሄደም። ያኔ የሚኒሶታ ግዛት ገዥ አሌክሳንደር ራምዚና የመንግሥት ወኪሉ ጆን ዋትረስ አንድ ዘዴ ዘየዱ፤ ክፍያውን ከላ ፖይንት አንሥተው ሚኒሶታ ውስጥ ወዳለው ሳንዲ ሌክ አዛወሩት። ገንዘቡን የፈለገ ይመጣል፣ በረዶው ሲዘጋበት እዚያው ይቀራል ነው ሐሳቡ። የክፍያው ገንዘብ በሚኒሶታ ገበያ ላይ መዋሉም ለገዥው ትርፍ ነበር።

በዚያ ዓመት መከር በሺህ የሚቆጠር ኦጂብዋ በታንኳም በእግርም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሳንዲ ሌክ ደረሰ። ወኪሉ የለም፤ ገንዘቡ የለም። ሳምንታት ጠበቁ። የተሰጣቸው ምግብ የተበላሸ ነበር። ተቅማጥና ኩፍኝ ገባባቸው። በኅዳር መጨረሻ ወኪሉ ሲደርስ ይዞ የመጣው የጎደለ ዕቃ ነው፤ ጥሬ ገንዘቡ አልነበረም። ወንዞቹ በረዶ ሆነዋል፤ ታንኳ አይሄድም። በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እዚያው በሳንዲ ሌክና በመንገድ ላይ የሞቱት በድምሩ 400 ያህል ይሆናሉ። ፍላት ማውዝ የሚባለው የኦጂብዋ አለቃ ለዚህ ሁሉ ሞት ተጠያቂው ራምዚ መሆኑን በግልጽ ተናገረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በ2000 የነገዱ ልጆች በዚያ ሐይቅ ዳር ለሙታኑ የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙ።

ይህን ሁሉ ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ትነግረዋለህ? ኤርድሪክ ያደረገችው ይህ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አዋቂዎች ከባድ ጉዳይ ሊወያዩ ሲቀመጡ ለልጆቹ ጨዋታ ይሰጧቸዋል። ሽልማቶቹ መሐል ላይ ይደረደራሉ፤ ሳይናገር፣ ሳይስቅ ረጅሙን ጊዜ የቆየ ያሸንፋል። ጨዋታው ለአዋቂዎቹ ጸጥታ ይሰጣል። ችግሩ ግን ዝም ያለ ልጅ ጆሮው አይዘጋም። አንድ ምሽት አዋቂዎቹ ከአገራችሁ ውጡ ስለመባላቸው ሲነጋገሩ ልጆቹ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ሽልማቱን የሚፈልግ አልነበረም።

እኛ «ዝምታ ወርቅ ነው» እየተባልን ያደግን ሕዝቦች ነን። ትልልቆቹ ሲያወሩ ልጅ ወደ ጓዳ ይባረራል። በስንቱ ቤት ነው የታሰረው፣ የተሰደደው፣ የተገደለው ዘመድ ስም በልጅ ፊት የማይነሣው? ለልጆቹ አዝነን ነው የምንለው። ልጆቹ ግን እንደ ኦማካያስ ሁሉ ግድግዳ ጥግ ሆነው ይሰማሉ፤ የሰሙትን ግማሽ በፍርሃት ይሞሉታል። የኤርድሪክ መጽሐፍ ጥሩነት፣ እውነቱን ከልጁ አትሸሽግም፣ ብቻውን ደግሞ አትተወውም። አያት አለች፣ እሳት አለ፣ ስኳር አለ። ሞት ሲመጣ የሚመጣው ሕይወት ወዳለበት ቤት ነው።

የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ደግሞ ልብ ያነሣሣል። በ1852 ቡፋሎ የሚባለው የላ ፖይንት አለቃ፣ ዕድሜው ዘጠናን የተሻገረ ሽማግሌ፣ በታንኳና በባቡር ተጉዞ ዋሽንግተን ገባ። በየመንገዱ ያገኟቸው ባለሥልጣናት «ፈቃድ የላችሁም፣ ተመለሱ» ቢሏቸውም አልተመለሱም። በሐይቁ ዳር የሚኖሩ ነጭ ጎረቤቶቻቸውም የድጋፍ ፊርማ ፈርመውላቸው ነበር። ሽማግሌው ፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞር ዘንድ ቀረበ፤ የመልቀቅ ትእዛዙም እንዲቀር ተደረገ። በ1854 በተፈረመው ውል ኦጂብዋዎች በዊስኮንሲንና በሚኒሶታ የራሳቸው የተከለለ መሬት አገኙ። ሽማግሌው በማግስቱ ዓመት ዐረፈ። በልብ ወለዱ የኦማካያስ ቤተሰብ ደሴቱን ትቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ተከታዮቹ መጻሕፍት እስከ ልጆቿ ዘመን ድረስ ጉዞውን ይተርካሉ። እውነተኛው ታሪክ ግን የቀሩትንም ያውቃል።

«ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?» ለምትሉ መልስ አለኝ። ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከነዚህ ሴንት ፖል ከተማ ቤት የገዛ ሰው የቤቱን ግብር የሚከፍለው ለራምዚ ካውንቲ ነው። አዎ፣ ለዚያው ራምዚ! ካውንቲው ዛሬም በገዥው ስም ነው የሚጠራው። ግብሩን የሚከፍለው ወገናችን ስሙን በየዓመቱ ደረሰኙ ላይ ያየዋል፤ የማን ስም እንደሆነ ግን ማን ይነግረዋል? ልጁ ሊነግረው ይችላል። በሚኒያፖሊስ በራምዚ ስም ይጠራ የነበረ አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2017 ስሙ ተቀይሯል። የለውጡን ጥያቄ አንሥተው የገፉት ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ታሪኩን አንብበው፣ ተከራክረው፣ በመጨረሻ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበረው በአለን ፔጅ ስም እንዲጠራ አደረጉ። የልጆች መጽሐፍ ምን ይሠራል ለሚል ሰው ይህን መንገር ይበቃል።

ሌላም አለ። አሜሪካ የደረስን ስደተኞች ነን፤ እኛም እንደ ቻርልስ ኢንጋልስ ልጆቻችንን ይዘን የተሻለ ኑሮ ፍለጋ የመጣን ነን። ኦጂብዋውን ያፈናቀልነው እኛ አይደለንም። ግን ቤታችንን የሠራነው እሱ በኖረበት ምድር ላይ ነው። ቤት ሲመረቅ «ቤት ለእምቦሳ» ስንል «እምቦሳ እሰሩ» የሚለን የሠፈሩ ሰው ነው። ታዲያ እዚያ አገር የመጀመሪያው የሠፈር ሰው ማን እንደነበር ሳናውቅ ምርቃቱን ከማን እንቀበላለን?

አሁን ወደ 1953 ልመልሳችሁ። በሎራ መጽሐፍ ውስጥ ያቺ ቃል በታረመችበት በዚያው ዓመት፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አንዳንድ ነገዶች በመንግሥት ዘንድ ያላቸው ዕውቅናና በውል የተገባላቸው ጥበቃ እንዲያበቃ የሚል ውሳኔ አሳለፈ። በስም ከተጠሩት አንዱ ተርትል ማውንቴን ነው፤ የኤርድሪክ ነገድ። መጽሐፉ ላይ ሰው ሆኑ፤ ሕጉ ላይ ሊጠፉ ሆነ። ይህን የተቃወመው የነገዱ ሊቀመንበር ሌሊት ሌሊት የፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ይሠራ የነበረው የኤርድሪክ አያት ነበር። ወገኖቹን አስተባብሮ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ተከራከረ፤ ነገዱም ተረፈ። የልጅ ልጁ ይህንኑ ታሪክ ልብ ወለድ አድርጋ በ2020 አወጣችው፤ በ2021 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘችበት። ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ። ቃል ማረም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ሰው» የሚለውን «ሰፋሪ» በሚል መተካት ባለቤቱን ወደ ቤቱ አይመልሰውም። የሚመልሰው ባለቤቱ ራሱ ሲተርክ ነው።

በ2018 የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የልጆች ክፍል በሎራ ስም ይሰጥ የነበረውን ሽልማት ስም ቀየረ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ «መጽሐፏን ልታቃጥሉ ነው ወይ?» ተባለ። ማኅበሩ መጽሐፏን አንብቡ አታንብቡ አላለም፤ ያለው ሽልማቱ በስሟ አይጠራ ነው። እኔ በበኩሌ የሎራ መጽሐፍ ከመደርደሪያ እንዲወርድ አልመኝም። ድህነትን፣ ብርድን፣ አባቷን መውደዷን ከልቧ ጽፋለች። እንዲወርድ ሳይሆን ጎረቤት እንዲያገኝ ነው የምመኘው። ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን ይቁሙ፤ ልጁ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይግባ። የግንዱን ቤት ደስታ አይቶ የበርች ቅርፊቱን ቤት ኀዘን ያየ ልጅ፣ ሌላ ቀን ሌላ አገር «እዚህ ሰው አይኖርም» ሲባል ቢሰማ አንዴ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። «የበርች ቅርፊት ቤት» በወጣበት በ1999 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሚኒሶታ የመጣ አንድ ክርክር አይቶ፣ የ1850ው ትእዛዝ ከመነሻውም ሕጋዊ ሥልጣን እንዳልነበረው ፈረደ። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ። ኦጂብዋዎች በ1837ቱ ውል መሠረት የማደንና የማስገር መብታቸው እንዳልተሻረ ተረጋገጠ። መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው አንድ ሲቀረው ማለት ነው። ቃሏ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀች ብዬ ስጀምር የተገረማችሁ ካላችሁ፣ ፍርዱ ከዚያም በላይ ቆየ።

ልጆቻችሁ ይህን መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ይዘው ቢመጡ አብራችሁ አንብቡት። ስታነቡ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ «እነዚህ ሰዎች አሁን የት አሉ?» ይላሉ። «ድሮ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው» ብላችሁ እንዳታልፉት። በ1854ቱ ውል ከማደሊን ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ሁለት መቶ ኤክር የሚሆን ዓሣ ማስገሪያ ተከልሎላቸው ነበር። ያ መሬት ዛሬም ባድ ሪቨር የሚባሉት ኦጂብዋዎች ነው። ከደሴቱ ፊት ለፊት፣ በሐይቁ ዳርቻ፣ ሬድ ክሊፍ የሚባሉት አሉ። ለልጁ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ባለቤቶቹ እዚያው ናቸው።